የቲኬቱ ጀርባ

ሱሪውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። ሁለቱን እግሮች ስፌት በስፌት ታገጣጥማለች፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሮ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በውስጥ ስፌቱ በኩል ትለካለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከመስመሩ በታች አራት ጣት ታተርፍና የቀረውን ትቆርጣለች። የተቆረጠው ጫፍ እንዳይተረተር በመዘምዘሚያው መኪና ታሳልፈዋለች። አንድ ጊዜ አጥፋ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትጫነዋለች፣ ሁለተኛ አጥፋ በስፒል ትይዘዋለች። ስፒሎቹ የሚወጡት ከከንፈሮቿ መሐል ነው፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት የሚያናግራት ሰው መልስ አያገኝም። ከዚያ መርፌ። ለሱሪ ጫፍ መኪና አትጠቀምም። ስፌቱ በውጭ በኩል እንዳይታይ ከጨርቁ አንዲት ክር ብቻ በመርፌው ጫፍ እያነሳች ዙሪያውን ትሄዳለች። የጀመረችበት ስትደርስ ክሩን አትበጥስም፤ በመጣችበት መንገድ እንደገና ትመለሳለች። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ስለምትሰፋ ሰፈሩ «እትዬ ድርብ» ይላታል። እሷ የሰፋችው ልብስ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም ይባላል።

ሥራው ግን ገና አላለቀም። ወገቡ ላይ በስፒል የተያዘች ቲኬት አለች። ያቺን ነቅላ ትገለብጣታለች፣ በጀርባዋ የተጻፈውን ታነባለች፣ መዳፏን ልብሱ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቲኬቷን የቁልፍ ማስቀመጫ በነበረ ቆርቆሮ ውስጥ ጥላ ሱሪውን ከኋላዋ ላሉት ሰው ታቀብላለች። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከኋላዋ ያሉት ሰው ልብስ ተኳሹ ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ሁሉም «ጋሼ ካውያ» ይላቸዋል። ሁለቱ በላውንደሪው ጓዳ ጀርባና ጀርባ ሰጥተው ሲሠሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት። የእንፋሎቱ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ሲሞላ የሚደፋው ማን እንደሆነ በየቀኑ ይከራከራሉ፣ በየቀኑም ጋሼ ካውያ ይደፉታል። ወደ መንገዱ የምትከፈት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የሚጠገን ልብስ ያለው ሰው በዚያች መስኮት ይመጣል፣ እትዬ ድርብ ትለካዋለች፣ ቲኬት ትቆርጣለች። ቁጥሩ ያለበት ግማሽ ለደንበኛው ይሰጣል፣ ሌላው ግማሽ ልብሱ ላይ ይቀራል። በፊቱ የሥራው ዓይነት ይጻፋል፦ ጫፍ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የኪስ ገበር። በጀርባው ማንም ምንም እንዲጽፍ ታስቦ አልነበረም።

በቲኬቱ ጀርባ መጻፍን ያስተማረቻት አክስቷ ናት፤ ሙያውንም ጸሎቱንም በአንድ ወንበር ላይ ነው ያስተማረቻት። እትዬ ድርብ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መጸለይ አቅቷት ተስፋ ቆርጣ ነበር። «አባታችን ሆይ» ብላ ትጀምርና መሐል ላይ ሐሳቧ የክር ጥቅልል ፍለጋ ይሄዳል። የሌላውን ሰው ጸሎት ስትሰማ ደግሞ ቃሉ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ የሷ እንደ ደረቀ ቧንቧ ሁለት ጠብታ ብሎ ይቆማል። ይህን ለአክስቷ ስትነግራት አክስቷ ከሥራዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ሥራ መቀበል ታውቂ የለም?» አለቻት። «ያው ነው። የማን ነው፣ ምኑ ጋ ተቀደደ፣ ለመቼ ይፈለጋል። ይኼን ንገሪው፣ አሜን በዪና ወደ መርፌሽ ተመለሺ። እሱ ሲሰማ አያንቀላፋም፤ አንቺ ግን ስታረዝሚው ታንቀላፊያለሽ።»

በዚህ ጀመረች። የልብስ ጫፍ ቀምቃሚ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። ወገቡን ሁለት ጊዜ ለማጥበብ የመጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ አዝኗል። የሟች ባሏን ኮት ለልጇ አሳጥሪልኝ የምትል ሴት ኮቱን ከእጇ ለመልቀቅ ጊዜ ይወስድባታል። ለሥራ ፈተና የሚሄድ ሰው የሸሚዙን ኮሌታ ደጋግሞ ይነካካል። እትዬ ድርብ እነዚህን እያየች በቲኬቱ ጀርባ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ «ይህ ሰው አራት ጣት ከስቷል፣ እባክህ እየው።» «ይህችን ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ አጽናናት።» «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው ፈተናው፣ አትርሳው።» የመጨረሻውን ጋሼ ካውያ አንድ ቀን አንብበው፣ እግዚአብሔርን ቀጠሮ አስታዋሽ አደረግሽው ብለው ሳምንት ሙሉ ሳቁባት።

ለራሷ ግን ቲኬት ቆርጣ አታውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው የሷም ቀሚስ እጅጌው ተተርትሮ ወር ይከርማል። ጸሎቱም እንደዚያው ነው ብለው የሚያስቡ ነበሩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት ሳምባውን ታመመ። በአራት ወር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ቲኬት ጻፈችለት። ሞተ። ቲኬቶቹን በሌላ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ገጠመችና ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔርን አልተጣላችውም፤ ስለ ራሷ ማስቸገሩን ተወች እንጂ። የሌላውን ይሰማል ብላ ታምናለች። የራሷ ጉዳይ ሲነሳ እንደ ተበሳ ኪስ ነው፤ ብትከተው የት እንደሚወድቅ አታውቅም።

ይህ ሁሉ እንዳለ ይቀጥል ነበር፤ የዓይኗ ነገር መጣ እንጂ። የግራው በሞራ ተሸፍኖ ከብርሃን በቀር የሚያስገባው የለም፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። መጀመሪያ ማጭበርበር ጀመረች፤ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቷ ቀጥ ብላ ስትገባ አሥር መርፌ በክር ሞልታ ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ ቀኑን ሙሉ ከዚያ እየነቀለች ትሠራለች። ልጇ እሑድ እሑድ ልትጠይቃት ስትመጣ የሚነበብ ነገር ካለ፣ መነጽሬን ሱቅ ረሳሁት ትላታለች። መነጽሩ ከረሳችው ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። የዓይን ክሊኒኩ ለግራ ዓይኗ የቀዶ ሕክምና ቀን ሰጥቷት ነበር። ካርዷ በመሳቢያዋ ውስጥ ከጠመኔው ሥር ነው ያለችው፤ ሦስት ቀን ተጽፎባት ሦስቱም አልፏል። ለማንም አልተናገረችም። ቢላዋውን ፈርታ አይደለም፣ ወይም ቢላዋውን ብቻ ፈርታ አይደለም። ሳትጸልይ እዚያ አልጋ ላይ መተኛት አልቻለችም፤ መጸለዩም አልመጣላትም። በሁለቱ መሐል ዓይኗ እየጠፋ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ደንበኛ ኮት ይዞ መጣ፤ ከማዞሪያው ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ባለቤት ነው። ከሚስቱ ጋር ነበር፤ ጥቁር ግራጫ ኮት፣ እጅጌው ሁለት ጣት እንዲያጥር፣ ገበሩ እንዲቀየር። ሚስቱ ለገበሩ ቀለም ልትመርጥ ስትል፣ ዝም በይ አንቺ፣ የማታውቂውን አላት። ትንሽ ቆይታ ስለ ቁልፎቹ ልትናገር ስትል ደገመው። ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ሰው ፊት ላይ ተሰፍቶ የቀረ ዓይነት ፈገግታ ነበር። እነሱ ሲሄዱ እትዬ ድርብ ቲኬቱን ገልብጣ ጻፈች፦ «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ሰው ምላስ አለዝበው። ሚስቱ ከልቧ ትሳቅ።» ቲኬቱን ከኮቱ ውስጥ፣ የደረት ኪሱ አጠገብ በስፒል ያዘችው።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ የጻፈችውን ማንበብ ስለማትችል ሥራው ሲያልቅ በቃሏ ነበር የምትጸልየው፤ ቲኬቱንም በእጇ ዳብሳ ነበር የምትነቅለው። የዚያን ቀን ሁለት ኮት ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። የሁለቱንም ቲኬት የነቀለች መስሏት አንድ ትርፍ ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ጣለች፤ የፋርማሲስቱ ቲኬት ግን ኮቱ ውስጥ ቀረ። ጋሼ ካውያ ኮቱን በውጭ በኩል ተኮሱት፣ ሰቀሉት፣ ኮቱም ወደ ባለቤቱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፋርማሲስቱ መስኮቷ ላይ ቆመ። አልጮኸም። ቲኬቱን የመስኮቱ መደገፊያ ላይ አስቀምጦ በአንድ ጣቱ ወደሷ ገፋው።

«የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

አንስታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። ፊደሉን ሳይሆን ስፒሉ የነበረበትን ሁለት ቀዳዳ ነው ያወቀችው። ከኋላዋ ካውያው ማፏጨቱን አቆመ።

«ነው» አለች።

«ሚስቴ ምን ነግራዎት ነው?»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ቲኬቱን ኪሱ ሲፈትሽ አግኝቶ፣ የቤታችንን ገመና ለልብስ ሰፊ ታወሪያለሽ ብሎ ሚስቱን ተቆጥቷታል። ምንም አላልኩም ብላ ምላለች፣ አላመናትም፣ አልቅሳለች፣ ትናንት ቦርሳዋን ይዛ እህቷ ቤት ሄዳለች። ፋርማሲስቱ ይህን ሲናገር ድምፁ እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቀጥ ያለ ነበር፤ እጁ ግን የመስኮቱን ጠርዝ አንቆ ይዞ ነበር።

እትዬ ድርብ በዚያች ቅጽበት መዋሸት ትችል ነበር። የሌላ ደንበኛ ቲኬት ነው፣ ተሳስቶ ነው ብትል ያበቃ ነበር። የሴትየዋ ፈገግታ ትዝ አላት።

«ምንም አልነገረችኝም። እዚሁ ቆመው ዝም በይ ሲሏት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እጅጌዎን እንድለካ ነበር የመጡት፣ እኔ እርስዎን ለካሁ።»

ሰውየው ቀና አለ። «ሁለት ጊዜ?»

«እሷ ሁሉን ነገር በድርብ ነው የምትይዘው» አሉ ጋሼ ካውያ ከኋላ፣ ሳይዞሩ።

ፋርማሲስቱ ለመሳቅም ለመቆጣትም አልደረሰም፤ ፊቱ መሐል ላይ ቀረ። ቆይቶ ስልኩን አወጣ፣ ለሚስቱ ደወለና ለእትዬ ድርብ አቀበላት። እትዬ ድርብም ያለችውን ሁሉ ደግማ ለሴትየዋ ነገረቻት፤ ይቅርታም ጠየቀቻት። ሴትየዋም ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ስትመልስለት ሰውየው አልሄደም። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ነውና ቅድም ቲኬቱን አፍንጫዋ ድረስ ስታስጠጋ አይቷል። ከመደገፊያው ላይ አንድ ጥቅልል ክር አነሳ።

«ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ጥቁር ነዋ።»

ቧንቧው ባልዲው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠብ አለ።

«ሰማያዊ ነው፣ ድርብ» አሉ ጋሼ ካውያ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀልደውባት በዚያን ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

መሳቢያዋን ሳበች፣ ጠመኔውን ገፋ አድርጋ ካርዷን አወጣች። ፋርማሲስቱ ሦስቱን ያለፉ ቀናት አንብቦ ወደ ክሊኒኩ ደወለ፤ በመጪው ረቡዕ ጠዋት የሚል አራተኛ ቀን በራሱ እስክሪብቶ ጻፈላት። ምላሱ ይለዝብ ብላ የለመነችለት ሰው ነው። ምላሱ አልለዘበም፤ አራተኛውን ቢያሳልፉ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት ብሎ ተቆጥቷት ሄደ።

በማግስቱ ሚስቱ ብቻዋን መጣች። ቦርሳዋን አልያዘችም፤ ቤቷ ተመልሳለች ማለት ነው። መስኮቱ ላይ ሳይሆን በበሩ ገብታ ጓዳው ውስጥ፣ ያልተተኮሰ አንሶላ የተከመረበት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስለጸለዩልኝ አልተቀየምኩም፣ እትዬ» አለች። «ቢጠይቁኝ ኖሮ ግን ሌላ እልዎት ነበር። እኔ የምፈልገው ሳቅ አይደለም። እናቱ ከሞተች ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለውም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድርና ቀን ላይ ያገኘውን ይነክሳል። እኔ እንቅልፍ ነው የምለምንለት።»

እትዬ ድርብ አርባ ዓመት ሙሉ እያየች ስትጽፍ ኖራ እንዲህ ያለ ነገር አስባ አታውቅም። ባለቤቱን ሳትጠይቅ ልብስ አሳጥራ አታውቅም፤ ጸሎቱን ግን በዓይን ግምት ነበር የምትቆርጠው። ዓይኗም ያው እንደምናውቀው ነው። አዲስ ቲኬት ሳበችና ሴትየዋ እየነገረቻት ጻፈች፦ «እንቅልፍ ስጠው።»

ሴትየዋ እጇን ያዘቻት። «እርስዎስ? ለእርስዎ ምን ልበል?»

«ለኔማ ምን አለ ብለሽ። ልጄን፣ ልጆቿን...»

«ስለ ልጅዎ አልጠየቅሁም።»

ስፒል የያዘች ይመስል የእትዬ ድርብ ከንፈር ገጠመ። ጋሼ ካውያ ካውያውን ማረፊያው ላይ አቁመው፣ ጌታ ራሱ ዓይነ ስውሩን ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቆት የለም ወይ፣ ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንዴ፣ አሉ፤ ሰውየው በገዛ አፉ እንዲናገር ነው። ሴትየዋ አንድ ባዶ ቲኬት ከጥራዙ ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲያገኙት ይጻፉት አለቻት፤ ማክሰኞ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ሁለት ቀን ሙከራ ሆነ። መጀመሪያ፣ ደንበኞቼ እንዳይጉላሉ ዓይኔን ጠብቅልኝ ብላ ጻፈች። ጋሼ ካውያ በትከሻዋ ላይ አንብበው፣ ይህ ለደንበኞችሽ ነው አሏት። ቀጥላ፣ ልጄ እንዳትሳቀቅ አለች፤ ይህም ለልጅሽ ነው። በመጨረሻ በብስጭት ፈቃድህ ይሁን ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን ሳይታጠብ ታጥፎ የመጣ ልብስ ነው። ፈቃድህ ይሁን ከልመናው በኋላ ነው የሚባለው። ልመናው የታል?»

መርፌዋን አስቀመጠች። «ሠላሳ ሰባት ጊዜ ለምኜዋለሁ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ይህን ቁጥር ያውቁታል። የባሏን የመቃብር ልብስ የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ካውያውን አጠፉ፤ በሥራ ሰዓት ካውያ ሲያጠፉ ታይተው አያውቁም።

«እኔም ለምኜለታለሁ። ለምን እንደሞተ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም፤ አውቃለሁ የሚልሽን ሰው አትስሚው። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ሠላሳ ሰባቱን ስትጽፊ ብቻሽን አልነበርሽም። ብቻሽን የሆንሽው ከዚያ ወዲህ ነው።»

የዚያን ቀን የቀመቀመችውን ሱሪ ሦስት ጊዜ ሰፋችው።

እሑድ ልጇ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እናቷ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አውርጂልኝ አለቻት፤ አወረደችው፤ አንብቢልኝ አለቻት። ልጅቷ መነጽርሽስ አለች። ያኔ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዓይኑንም፣ ካርዱንም፣ ረቡዕንም።

«ለምን ደበቅሽኝ፣ እማዬ?»

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ።»

«እንግዲህ ይኸው ተጨንቄልሻለሁ» አለች ልጇ፤ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ክዳኑን አነሳች።

እትዬ ድርብ ሠላሳ ሰባቱም «አድነው» የሚሉ ይመስላት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በልቧ የያዘቻቸው እንደዚያ ነው። ልጇ አንድ በአንድ አነበበች። «አድነው» የሚሉ ነበሩ፤ ብዙ ነበሩ። ከነሱ መሐል ግን፦ «ዛሬ ሦስት ማንኪያ ሾርባ ወሰደ፣ ተመስገን።» «ነርሷን አሳቃት። እኔንም።» «እጄን ይዞ ተኛ። እጄ ደነዘዘ፣ አላነሳሁትም፣ ተመስገን።» ከመጨረሻዎቹ በአንዷ ላይ ደግሞ የሱ ነገር ምንም የለበትም፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ። አብረኸኝ ሁን።»

«ይኼ ለማን ነው?» አለች ልጇ።

እትዬ ድርብ ቲኬቷን ተቀብላ በጣቷ ዳበሰቻት። መጻፏን ረስታለች። የተጻፈችበትን ሌሊት ግን አልረሳችም፤ ከአልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እንዴት እንደነጋ ታስታውሳለች። ፈርታ ነበር፤ ነጋ። ያን ጊዜ የነጋው እንዲሁ የነጋ መስሏት ነበር።

ምሳ ሳይቀርብ ባዶውን ቲኬት ከቦርሳዋ አወጣች። ልጇ ልጻፍልሽ ስትላት እምቢ አለች። ፊደሏ ትልልቅ ነበር፣ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ። ማየት እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ የፋርማሲስቱ ሚስት ስትመጣ እትዬ ድርብ ቲኬቱን በደንቡ መሠረት ለሁለት ቀደደችው። ቁጥሩ ያለበትን ግማሽ ለሴትየዋ ሰጠቻት፤ ሥራው እስኪያልቅ ያዢልኝ አለቻት። የተጻፈበትን ለራሷ ያዘች። ረቡዕ ጠዋት በክሊኒኩ ጋውን ላይ ደረቷ አጠገብ በስፒል ሰክታው ነርሷ አየቻት፤ እዚህ ብረት አይገባም ብላ ስፒሉን ነቀለችው። ቲኬቱን ልትጥለው ስትል ገልብጣ አነበበች። ምንም ሳትል በፕላስተር መልሳ ለጠፈችላት።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። ብርሃኑ መጀመሪያ አስለቀሳት። ከዚያ የልጇ ፊት መጣ፣ ሽበት የጀመረው ፀጉሯ፣ የሸሚዟ ኮሌታ። እትዬ ድርብ ወደ ኮሌታው ጠጋ ብላ ቆየች።

«ይኼን ቁልፍ ማነው የተከለልሽ? ነጭ ሸሚዝ ላይ ቢጫ ክር?»

«አንቺ ነሻ» አለች ልጇ። «ባለፈው ወር።»

ነርሷ በሩን ከፍታ ምን ሆናችሁ ነው እስክትል ድረስ ሁለቱም ሳቁ፤ ነርሷም ዓይንሽን እንዳትነኪው ብላ እጇን ያዘቻት።

እትዬ ድርብ አሁን መስኮቷ ላይ ናት። መርፌውን ራሷ ትሞላለች፤ ካውያው ከኋላዋ ያፏጫል፤ ባልዲውን ጋሼ ካውያ ይደፋሉ። ፋርማሲስቱ አሁንም አንዳንዴ «ዝም» ብሎ ይጀምራል፣ «በይ» ላይ ሳይደርስ ያቆማል። ሚስቱ እንደምትለው ሌሊት ለአራት ሰዓት ያህል መተኛት ጀምሯል፤ ቲኬቱ ገና ቆርቆሮው ውስጥ አልገባም፣ ሥራው አላለቀምና። ሰው ልብስ ይዞ ሲመጣ እትዬ ድርብ መጀመሪያ ትለካዋለች፣ ቀጥላ ምን ልበልልዎ ብላ ትጠይቃለች። ምንም የሚል አለ፤ የሱን ጀርባ ባዶ ትተወዋለች። ቆሞ የሚያስብ አለ፤ እሱን ትጠብቀዋለች።

የቀኝ ዓይኗ ገና ነው፤ ተራው በሚቀጥለው ወር ነው። ይህን ለሚያነብ ሰው ሁሉ አደራ አላት፤ ቃሉም እንዳለ ይቀመጥልኝ ብላለች፦

«ለቀኝ ዓይኔ አንዲት መስመር በሉልኝ። ስሜን አትፈልጉ፤ ቀምቃሚዋ ካላችሁ እሱ ያውቀኛል። አሜን ካላችሁ በኋላ ግን ወዲያው አትነሡ። አንድ ሌላ ቲኬት ሳቡና የራሳችሁን ጻፉበት፤ የማን ነው፣ ምኑ ጋ ተቀደደ፣ ለመቼ ይፈለጋል። የኔ ይቆይ አትበሉ። እኔ ስድስት ዓመት አቆይቼዋለሁ።»